አዲስ አገር የአውሮፓ ኅብረትን ሲቀላቀል ገንዘቡና ሰዉ ወዴት ይሄዳሉ?

«ስንት ሰው ይመጣብን ይሆን?» አንድ አገር የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን ደጅ በጠና ቁጥር በነባሮቹ አባላት ዘንድ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ብሪታንያም በ2003 ጥያቄውን ለባለሙያዎች ሰጥታ አስጠንታ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያስጠናው ጥናት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሚገቡት የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች የሚመጣው ሰው የሚመለሰው ተቀንሶ በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ቢደርስ ነው አለ። አገሮቹ ሜይ 1 ቀን 2004 ገቡ። እስከ ጁን 2006 ድረስ ብቻ በብሪታንያ ተቀጥረው ለመሥራት ተመዝግበው የተፈቀደላቸው ሰዎች 427,000 ገደማ ደረሱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው የተመለሱ ስለሆኑ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ አይነጻጸሩም። ቢሆንም በግምቱና በሆነው መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት እንዳለ ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ያ ግምት ከዚያ ወዲህ የባለሙያ ትንበያ መሳለቂያ ሆኖ ይጠቀሳል። እኔ ግን ለአጥኚዎቹ አዝንላቸዋለሁ። ስሌታቸው የቆመው ጀርመንም እንደ ብሪታንያ የሥራ ገበያዋን ትከፍታለች በሚል መነሻ ላይ ነበር። ጀርመን አልከፈተችም። ከፖላንድ ድንበር እስከ በርሊን በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ጎረቤቱ ሲዘጋበት ሰዉ ባሕር ተሻግሮ ወደ ለንደንና ወደ ደብሊን ሄደ። ስለዚህ «ስንት ሰው ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ፣ መቼ የሚለው አብሮ ካልተጠየቀ ቁጥሩ ጥንቆላ ነው።

ዕቃ ከሰው ይቀድማል

የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ገበያ የአራት ነገሮች ነጻ ዝውውር ነው፤ የዕቃ፣ የአገልግሎት፣ የገንዘብና የሰው። አዲስ አባል በገባበት ዕለት አራቱም በአንድ ጊዜ የሚለቀቁ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲያ አይደለም። ዕቃው ዓመታት ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰዉ ዓመታት ዘግይቶ ሊከተል ይችላል።

ፖላንድና ሀንጋሪ ከኅብረቱ ጋር የማኅበር ስምምነት የተፈራረሙት በ1991 ነው። ሌሎቹም ተከትለዋል። በእነዚህ ስምምነቶች መሠረት የፋብሪካ ውጤቶች ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ተነስቶ ስለነበር፣ በ2004 የአባልነቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አብዛኛው የኢንዱስትሪ ዕቃ ያለ ቀረጥ መመላለስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። አባልነቱ ያስወገደው የቀረውን እንቅፋት ነው፤ የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ድንበር ላይ የሚቆመውን የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ለየአገሩ የሚደገመውን የጥራት ፈተና። ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር ሊታይ ይችላል። የመኪና ፋብሪካ ግን ዕቃ አከማችቶ አይሠራም፤ ወንበሩም ማርሹም ከሌላ አገር በተባለው ሰዓት ካልደረሰ የመገጣጠሚያ መስመሩ ይቆማል። እንዲህ ላለው ድርጅት ድንበር ላይ የሚባክን ግማሽ ቀን ከጥቂት በመቶ ቀረጥ ይልቅ ያስፈራዋል።

ስሎቫኪያን እንመልከት። ቮልስዋገን ብራቲስላቫ የገባው ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ፔዦ ሲትሮኤን በትርናቫ ከተማ ፋብሪካ እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2003 መጀመሪያ ሲሆን፣ የደቡብ ኮሪያው ኪያ ደግሞ ዢሊናን የመረጠው በማርች 2004 ነው። ሁለቱም አባልነቱ እስኪጸድቅ አልጠበቁም፤ መጽደቁ እርግጥ መሆኑ በቂያቸው ነበር። ቆየት ብሎ ጃጓር ላንድ ሮቨር በኒትራ ተጨመረ። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከዓለም ከፍተኛውን የመኪና ብዛት የምታመርት ሆነች። ባለሀብት ከአባልነት የሚገዛው ነገር ቀረጥ ሳይሆን ዋስትና ነው ማለት ይቻላል፤ ነገ የሚመጣ መንግሥት ሕጉን እንዳሻው እንደማይገለብጠው፣ ክርክር ቢነሳ ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል እንደሚሰጥ ማወቅ።

ከግል ባለሀብቱ ጎን ለጎን የኅብረቱ በጀት አለ። ከሀብታሞቹ አባላት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለድሆቹ አካባቢዎች መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራበታል፤ ለገበሬውም በቀጥታ ይከፈላል። ፖላንድ ካዋጣችው በላይ በመቀበል ለብዙ ዓመታት ከሁሉም አባላት ቀዳሚ ነበረች። ነገር ግን ነባሮቹ አባላት ኪሳቸውን እንደ ሥራ ገበያቸው ሁሉ ቀስ ብለው ነው የከፈቱት። በ2004 የገቡት አገሮች ገበሬዎች በመጀመሪያው ዓመት ከኅብረቱ ያገኙት ቀጥተኛ ክፍያ ነባሮቹ ከሚያገኙት ሩቡን ብቻ ነበር። እየጨመረ ሄዶ ሙሉ የሆነው በ2013 ነው። አንድ የፖላንድ ገበሬ ከፈረንሳዩ ጋር በአንድ ገበያ እየተወዳደረ ድጎማው ግን ሩብ ሆኖ ጀመረ ማለት ነው። ይህን ፍትሕ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ አላገኘሁትም፤ ድርድር ነው።

የተጎዱም ነበሩ። የኅብረቱ የንጽሕና ደንብ ለትንሽ ቄራና ለትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ቀላል አይደለም፤ ግድግዳው፣ ማቀዝቀዣው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ቁጥጥር ሁሉ ወጪ ነው። ፖላንድ ለብዙ የሥጋ፣ የወተትና የዓሣ ድርጅቶቿ የጥቂት ዓመታት ፋታ ጠይቃ አግኝታ ነበር። ፋታው ሲያልቅ የቻለው ዘመናዊ ሆነ፣ ያልቻለው ዘጋ።

በጠቅላላው ግን የገቢው ልዩነት ጠቧል። የዋጋ ልዩነት ታስቦ ሲሰላ፣ ፖላንድ በገባችበት ዓመት ነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከኅብረቱ አማካይ ግማሹን ጥቂት አለፍ የሚል ነበር፤ ዛሬ 80 በመቶ ገደማ ነው። የሩማንያ ጉዞ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ በ2004 ከአማካዩ ሲሶ ገደማ ላይ ነበረች፣ አሁን ከፖላንድ እምብዛም አትርቅም። ይህን ሁሉ ለአባልነት ብቻ መስጠት ስህተት ነው። ግሪክ ከ1981 ጀምሮ አባል ሆና፣ የኅብረቱንም ገንዘብ ተቀብላ፣ በ2010 በዕዳ ቀውስ ወድቃለች። አባልነት ዕድሉን ይሰጣል፤ ዕድሉ ምን እንደሚደረግበት የሚወስነው የአገሩ መንግሥትና ባለሙያ ነው።

ሰዉና የሰባት ዓመቱ ገደብ

የኅብረቱ ዜጋ በየትኛውም አባል አገር ሄዶ ሊሠራ ይችላል የሚለው መብት ብዙ ጊዜ ከነበረው በላይ ተጋኖ ይነገራል። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ እስከ ሦስት ወር ማንም ዜጋ መታወቂያ ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ፣ ወይም ራሱን የሚችልበት ገንዘብና የጤና መድን ያለው መሆን አለበት። ሥራም ገንዘብም ሳይኖረው የሌላ አገር ድጎማ እየተቀበለ የመኖር መብት የለውም።

በ2004 የገቡት አገሮች አሥር ነበሩ። ከማልታና ከቆጵሮስ በስተቀር በስምንቱ ላይ ነባሮቹ አባላት እስከ ሰባት ዓመት የሚዘልቅ የሽግግር ገደብ የመጣል መብት ወሰዱ። ገደቡ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ተብሎ ተከፈለ፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት እንደ ልብ፣ ቀጥሎ ሦስት ዓመት አሳውቆ፣ በመጨረሻ ሁለት ዓመት የሥራ ገበያዬ ከባድ ችግር ላይ ነው ብሎ። ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ናቸው። ጀርመንና ኦስትሪያ ሰባቱን ዓመት አሟጠው ተጠቀሙበት፤ የከፈቱት በሜይ 2011 ነው።

ገደቡ ሰውን አግዶ ነበር? በከፊል። ቅጥር ተከለከለ እንጂ የራስን ሥራ መክፈት አልተከለከለም። በዚያው በ2004 ጀርመን ለብዙ የእጅ ሙያዎች የምትጠይቀውን የባለሙያነት ማዕረግ ስታነሳ፣ ከፖላንድ የመጡ ሴራሚክ አንጣፊዎች ተቀጣሪ መሆን ቢከለከሉም የየራሳቸው ድርጅት ባለቤት ሆነው መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው ያው የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው፤ ወረቀቱ ግን «ተቀጣሪ» ሳይሆን «ባለ ድርጅት» ይላል። የሥራ ፈላጊ ብልሃት ከሕግ አርቃቂ ብልሃት አያንስም። በ2011 ጀርመን ስትከፍት የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ ቁጥሩ ዓመት በዓመት እየጨመረ ሄደ እንጂ።

ፈረንሳይ ውስጥ ፍርሃቱ መልክና ሙያ ተሰጥቶት ነበር። በ2005 በኅብረቱ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ «የፖላንዱ ቧንቧ ሠራተኛ» የሚባል ሰው ክርክሩን ሁሉ ተቆጣጠረው፤ በርካሽ ሠርቶ የፈረንሳዩን ባለሙያ ከገበያ ያስወጣል የተባለለት፣ ማንም በአካል ያላየው ሰው። የፖላንድ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት መልሱን በፖስተር ሰጠ። ቱታ የለበሰ፣ መፍቻ የያዘ መልከ መልካም ወጣት ቆሞ፦ እኔ ፖላንድ እቀራለሁ፣ እናንተ በብዛት ኑልኝ ይላል። በዚህ ርዕስ ዙሪያ ከተጻፉት የመንግሥት ወረቀቶች ሁሉ እንደዚያ ፖስተር ያሳቀኝ የለም።

በ2007 ሩማንያና ቡልጋሪያ ሲገቡ ብሪታንያ ትምህርቷን ወስዳ እስከ 2014 ገደብ ጣለች። ሩማንያውያኑ ግን መንገዳቸውን ቀድመው ይዘው ነበር። ከ2002 ጀምሮ ወደ አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ያለ ቪዛ መግባት ስለተፈቀደላቸው ቋንቋው ወደሚቀርባቸው ጣሊያንና የግንባታ ሥራ ወደሞላባት ስፔን ጎርፈዋል። አባልነቱ ለብዙዎቹ ያደረገው ነገር ቀድሞ ያለ ወረቀት ይሠሩ የነበሩትን ሕጋዊ ማድረግ ነው። ስፔን ግን ሥራ አጥነት ሲያጥለቀልቃት በ2011 ሩማንያውያንን እንደገና የሥራ ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደች።

ታዲያ የመጡት ሰዎች የነባሩን ደመወዝ አወረዱ? የብሪታንያ የፍልሰት አማካሪ ኮሚቴ በ2018 ማስረጃውን ሰብስቦ የደረሰበት ድምዳሜ፣ በጠቅላላው የሥራ ዕድልና ደመወዝ ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስተኛ ወይም ምንም ነው የሚል ነበር። ዝቅተኛ ሙያ ያላቸው ጥቂት ሊጎዱ፣ ከፍተኛ ሙያ ያላቸው ጥቂት ሊጠቀሙ እንደሚችሉም አስቀምጧል። ከአውሮፓ የመጡት በጥቅሉ ከሚወስዱት የመንግሥት አገልግሎት በላይ ግብር ይከፍላሉም ብሏል።

ይህ አማካይ ቁጥር ነው፤ በአማካይ ውስጥ ግን ማንም አይኖርም። በምሥራቅ እንግሊዝ ሊንከንሻየር ውስጥ ቦስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋ ጎመንና ድንች የሚበቅልበት ሜዳ ነው፤ አትክልት ለቅሞ የሚያሽግ ሠራተኛ ሁልጊዜ ይፈለጋል። በ2001 የምሥራቅ አውሮፓ ሰው እምብዛም አይታይባትም ነበር። በ2011 ቆጠራ ከአሥር ነዋሪዋ አንዱ ከአዲሶቹ አባል አገሮች የመጣ ሆነ። ሠራተኞቹ የከፈሉት ግብር ለንደን ላለው ግምጃ ቤት ገባ፤ የሐኪም ወረፋው፣ የኪራይ ቤት መወደዱ፣ የመማሪያ ክፍሎቹ መጨናነቅ ግን ቦስተን ቀረ። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከኅብረቱ እንውጣ ብለው ድምፅ ከሰጡ አካባቢዎች አንደኛዋ ይህች ከተማ ናት፤ 75.6 በመቶ። ጥቅሙ ለአገር ደርሶ ጫናው ለወረዳ ሲቀር ገንዘቡን ጫናው ወዳለበት መመለስ የማንም የውጭ አገር ሰው ሳይሆን የራሱ የመንግሥት ሥራ ነበር። ይህን በጊዜው ያደረገ መንግሥት አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ የድምፁም ውጤት ከዚህ ቁጣ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

የወጡባቸው አገሮች

ክርክሩ ሁሉ የሚካሄደው በተቀባይ አገሮች ጋዜጦች ላይ ስለሆነ፣ ትልቁ ለውጥ የታየው በላኪዎቹ ዘንድ መሆኑ ይረሳል። ለስልሳ ሚሊዮን ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ሰው መጨመር አንድ ነገር ነው፤ ከሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ሰው መጉደል ሌላ ነገር ነው። የሊትዌንያ ሕዝብ በ2001 ወደ 3.5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ በ2021 ወደ 2.8 ሚሊዮን ወርዷል። የላትቪያ በ2000 ከነበረው 2.4 ሚሊዮን ገደማ በ2021 ወደ 1.9 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል። በ2013 የገባችው ክሮኤሺያ በሁለት ቆጠራዎች መካከል፣ ከ2011 እስከ 2021፣ ከ4.28 ሚሊዮን ወደ 3.87 ሚሊዮን ቀነሰች። ሁሉም የሄደው ወደ ውጭ አይደለም፤ የሚወለደውም ከሚሞተው ያነሰ ነው። ግን ሁለቱ ነገሮች ይደጋገፋሉ፤ የሚሄደው በአብዛኛው ልጅ የሚወልድበት ዕድሜ ላይ ያለው ወጣት ነውና።

ከዚህም መሐል የሐኪሞቹ መሄድ ይበልጥ ያማል። በኅብረቱ ሕግ መሠረት ቡካሬስት የተመረቀ ሐኪም ዲግሪው በፈረንሳይም በጀርመንም ይታወቅለታል። ሩማንያ በሕዝብ ገንዘብ ስድስት ዓመት አስተምራ ያስመረቀችውን ሰው የሊዮን ሆስፒታል ያለ ምንም ካሳ ይቀጥረዋል። ይህ ሀብታሙ አገር ከድሃው የሚወስደው ስጦታ ነው፤ በየትኛውም የበጀት ሰንጠረዥ ላይ ግን አይታይም። ሩማንያ በ2018 በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞችን ደመወዝ በብዙ እጥፍ ባይሆንም በእጥፍና ከዚያ በላይ የጨመረችው ይህ ስላስጨነቃት ነበር። ወላጆቻቸው ጣሊያንና ስፔን ሄደው ከአያቶቻቸው ጋር የቀሩ ሕፃናት ጉዳይም በአገሪቱ ለዓመታት ሲያወያይ ኖሯል።

በሌላው ወገን የሄዱት ገንዘብ ይልካሉ፣ የቀሩት ደግሞ ሥራ ያገኛሉ። ፖላንድ ስትገባ ሥራ አጥነቷ 19 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ገደማ ነው። የአገር ውስጥ ቀጣሪ ሠራተኛ ሲያጣ ደመወዝ ለመጨመር ተገደደ። ከዚያም የማይጠበቀው መጣ፤ ሰው ላኪዋ ፖላንድ ራሷ ሰው ተቀባይ ሆነች። ሩሲያ በ2022 በዩክሬን ላይ ከከፈተችው ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጡ ሰዎች አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ በመስጠት ከአባል አገሮች ሁሉ ቀዳሚ የነበረችው እሷ ናት፤ ተቀባዮቹም በአብዛኛው ዩክሬናውያን ነበሩ። ፖላንዳዊው ለንደን ግንብ ሲገነባ፣ ዩክሬናዊው ፖላንድ ፖም ይለቅማል።

ቀጣዩ ተራ

ይህ ሁሉ ታሪክ አሁን በዩክሬን ላይ እየተመዘነ ነው። ዩክሬን በጁን 2022 ዕጩነቷ ታወቀላት፣ በጁን 2024 ድርድሯ በይፋ ተከፈተ። የሰዉን ነገር ካነሳን የሽግግር ገደብ ገና ከመታሰቡ በፊት ከአራት ሚሊዮን በላይ ዩክሬናውያን ከማርች 2022 ጀምሮ በተሰጣቸው ጊዜያዊ ከለላ በኅብረቱ አገሮች ይኖራሉ፤ የመሥራት መብትም አላቸው። ከእነሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ባሎች ወደ ሚስቶቻቸው ይሄዳሉ ወይስ ሚስቶች ወደ ባሎቻቸው ይመለሳሉ? ይህን የሚወስነው ከአባልነቱ ይልቅ በካርኪቭ ወይም በዛፖሪዥያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና መብራት መኖሩ ነው።

ከሰው ይልቅ ጎረቤቶቿን የሚያስጨንቀው እህሏ ነው። ዩክሬን ከ30 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚታረስ መሬት አላት፤ ከየትኛውም የኅብረቱ አባል ይበልጣል። የግብርና ድጎማው በአብዛኛው በሄክታር ስለሚከፈል አሁን ባለው ደንብ ከገባች ዛሬ ተቀባይ የሆኑ ብዙ አገሮች ድርሻቸው ይሸራረፋል። ቅምሻው ታይቷል። በጦርነቱ ምክንያት ቀረጥ ሲነሳ የዩክሬን ስንዴና በቆሎ በየብስ ወደ ምዕራብ ጎረፈ፤ በኤፕሪል 2023 ፖላንድ፣ ሀንጋሪና ስሎቫኪያ እህሉ እንዳይገባ አገዱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የፖላንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች፣ የዩክሬን ሾፌሮች በርካሽ እየጫኑ ሥራ ነጠቁን ብለው የድንበር መተላለፊያዎችን ዘጉ። ከሃያ ዓመት በፊት ፈረንሳዮች ስለ ፖላንዱ ቧንቧ ሠራተኛ የተናገሩት ቃል በቃል አልተደገመም እንጂ ስሜቱ ያው ነበር።

ድርድሩ 35 ምዕራፎች አሉት። የሠራተኞች ዝውውር ሁለተኛው፣ ግብርና አሥራ አንደኛው፣ ትራንስፖርት አሥራ አራተኛው ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ሁሉም አባላት ሲስማሙ ብቻ ስለሆነ፣ የዩክሬን ገበሬ ሙሉ ድጎማ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚጠብቅና የዩክሬን ሠራተኛ ስንት ዓመት ገደብ እንደሚጣልበት ከሚወስኑት መካከል የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ አንዷ ናት። በ2004 ሩብ ድጎማ የቀመሱት ገበሬዎች ደግሞ ዛሬ የዋርሶ መራጮች ናቸው።